ያልጾምኩት የጽጌ ጾም

ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ሜልቦርን ከገባሁ ጀምሮ ቢላዋ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም፤ ከአንዱ የሥጋ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየተዘዋወርኩ ነው ልጅ ያሳደግኩት። በዚያ ላይ የለየልኝ በላተኛ ነበርኩ። ለበዓል በሬ ገዝተን ቅርጫ ስንካፈል የትኛው ብልት ለጥሬ፣ የትኛው ለጥብስ እንደሚሆን የሚጠየቀው እኔ፣ ገና መደቡ ተደልድሎ ሳያልቅ ቆርጬ የምጎርሰውም እኔ ነበርኩ። ፉትስክሬይ የማዘወትረው ምግብ ቤት ባለቤት ስገባ ሲያየኝ "ኧረ ዛሬ ለሌላውም ሰው አስተርፍ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሥጋ አልበላም ቢል ያወቀው ሁሉ "ምን ነካው?" ማለቱ አይቀርም። የዋሸሁትም ይህን ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ዕድሜዬ ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይለኝ ጀመርና ጂፒዬ ጋ፣ የዘወትር ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። እሱ ደም አስመርምሮ ወደ ስፔሻሊስት ላከኝ፤ ስፔሻሊስቱ ደግሞ ናሙና አስወሰደኝ። ናሙናው ከየት በኩል እንደሚወሰድ አልነግራችሁም፤ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ያልደረሰበትም አይድረስበት። ለባለቤቴ ለሙሉ ያን ዕለት ኦቨርታይም አለብኝ ብያት ነው የሄድኩት።

ውጤቱ ሲመጣ ስፔሻሊስቱ የነገረኝ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ተረጋግቶ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፣ ገና ትንሽ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፣ ለጊዜው ሳንነካው በየጊዜው እየመረመርን እንከታተለዋለን አለኝ። እኔ ካንሰር ካለው በኋላ የተናገረውን በደንብ የሰማሁት ሌላ ቀን ተመልሼ ስጠይቀው ነው። ከእሱ ወደ ምግብ ባለሙያ መሩኝ። ወጣት ፈረንጅ ናት። በሳምንት ምን ያህል ቀይ ሥጋ እንደምበላ ስትጠይቀኝ አፍሬ ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት። የቀነስኩትን ሰምታ እንኳ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ምግብ ካንሰሩን ያጠፋልሃል ብዬ አልዋሽህም" አለችኝ። "ግን ክብደትህ በዝቷል፣ ደም ግፊትህም ጥሩ አይደለም። ሥጋና ቅቤውን ብትቀንስ ለልብህም፣ ለመላ ሰውነትህም ይጠቅማል። ነገ ሕክምና ቢያስፈልግህ ጠንክረህ ትጠብቀዋለህ።"

ከዚያ የሚበላውን ትዘረዝርልኝ ጀመር። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ዘይቱ ጥቂት። ጠዋት ኦትስ የሚሉት የአጃ ገንፎ በፍራፍሬ። እያዳመጥኳት በሆዴ "ይህቺ ልጅ እኮ የጾም ምግብ ነው የምትቆጥርልኝ" አልኩ። ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ወንበር ላይ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የጽጌ ጾም ገብቷል።

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የሚጾመው ይጾመዋል እንጂ እንደ ሁዳዴ ሁሉም ሰው የሚይዘው አይደለም፤ በእኛ ቤትም ማንም ጾሞት አያውቅም። ግን ጾም ነው። ጾመኛን ደግሞ ለምን ሥጋ ተውክ፣ ለምን ከሳህ ብሎ የሚያፋጥጠው የለም።

ለምን ለሚስትህ እውነቱን አትነግራትም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሙሉ ታላቅ እህት አዜብ አዲስ አበባ ላይ በጡት ካንሰር ሞታ ነበር። ሙሉ ለመቅበር አልደረሰችም። ወራት ሙሉ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ካንሰር የሚለው ቃል ከቤታችን ወጥቶ ነበር፣ በቴሌቪዥን ሲነሳ እንኳ ቻናል እንቀይራለን። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው፤ ስናገረውም የሚያምረው እሱ ነው። ሁለተኛው ግን የሚያምር አይደለም። በሽታው ያለበት ቦታ አሳፈረኝ። ወንድነቴ ያበቃለት መስሎ ታየኝ፣ ይህን ደግሞ ሚስቴ ፊት ማለት አቃተኝ።

ማታ ሰንሻይን ዌስት ቤታችን ስገባ ሙሉ ወጥ እየሠራች ነበር።

"ከነገ ጀምሮ ጽጌን ልጾም ነው" አልኳት።

ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። "ማን? አንተ?"

"አዎ እኔ።"

"ሁዳዴን እንኳ ሥራዬ ከባድ ነው እያልክ በየዓመቱ እኩሌታው ላይ የምታፈርስ ሰውዬ?" ሳቀች። "ምን ታየህ ደግሞ?"

"ሰው አይለወጥም እንዴ?"

ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች። ትንሽ አሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ስለት ነው?" አለችኝ።

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ውሸቱን ራሷ አዘጋጅታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። "አዎ፣ ስለት ነው" አልኳት።

"እንግዲያው አልጠይቅህም። ስለት አይነገርም" ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ቀላል ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ሺፍቴ ገና ሳይነጋ ስለሚጀምር ከቤት ስወጣ ቁርስ የሚያቀርብልኝ የለም፤ በዕረፍት ሰዓት ፋብሪካው ምሳ ክፍል ውስጥ ኦትሴን በሙዝ እበላለሁ። ከሰዓት እቤት ስደርስ ጾመኛ ነኝ። ልብሴ ሰፋኝ፣ ደረጃ ስወጣ ማለክለኬ ቀነሰ። በገዛ ብልጠቴ ደስ እያለኝ ሳለ ሙሉ አንድ ማታ "እኔም አብሬህ ልጾም ወስኛለሁ" አለችኝ።

"አንቺ ስኳር አለብሽ እኮ።"

"በሁዳዴስ እጾም የለም?"

"በሁዳዴ ጠዋት ትበያለሽ። የነፍስ አባትሽ ፈቅደውልሽ።"

"አሁን አልበላም። አንተ በዚያ በረዶ ክፍል ውስጥ ቆመህ ሥጋ ስትቆርጥ ውለህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቻልክ፣ እኔ የምሠራበትን ትምህርት ቤት ጠርጌ እቤቴ ቁጭ የምለው ያቅተኛል? ለጥቂት ቀን ነው። ኪኒኔን እንደሆነ እውጣለሁ፣ መድኃኒት ጾም አያፈርስም።"

እዚህ ላይ ነው አፌን መክፈት የነበረብኝ። ምን እላታለሁ? እኔስ አልጾምም ልበላት? ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ኦትስ እንደማነክት ከነገርኳት ስለቱ ይፈርሳል፣ ስለቱ ከፈረሰ ምክንያቱ ይመጣል፣ ምክንያቱ ከመጣ ካንሰሩ ይመጣል። ስለዚህ "እንዳሻሽ" አልኳት። ይህቺን ቃል ዛሬም ሳስባት ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እስካሁን ያሳፍረኛል። ከሥራ ስመለስ ሙሉ ገበታውን አቅርባ ትጠብቀኛለች። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሰላጣው ተሰልፏል። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሰዓቱን እናያለን። "በጣም ራበህ አይደል?" ትለኛለች። "ተይው፣ ለምጄዋለሁ" እላታለሁ። ሲደርስ አብረን አቡነ ዘበሰማያት እንላለን፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ታጎርሰኛለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቻለሁ። ከረሃብ ነው ብዬ አለፍኩት።

እውነቱን የሚያውቀው ሰይድ ብቻ ነበር። ሰይድ ከጎኔ የሚሠራ የወሎ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ እንደ አባት ነው የሚያከብረኝ። አንድ ጠዋት ምሳ ክፍል ኦትሴን ስበላ አየኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ጋሼ ተፈራ፣ ጾም ይዣለሁ ብለው አልነበረም እንዴ?"

ሌላ ሰው ቢሆን እዋሸዋለሁ። እሱን ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "አላህ ያሽርዎት" አለኝ። ቀጠለና "እትዬ ሙሉ ያውቃሉ?" አለ።

"አታውቅም። እንዲያውም አብራኝ እየጾመች ነው።"

ሻዩን አስቀመጠ። "ይንገሯቸው ጋሼ። እኔ እናቴ እንዲህ ብትሆን አልወድም።"

"አንተ ሻይህን ጠጣ" አልኩት። ተቆጣሁት። ሲጨንቀኝ መቆጣት ልማዴ ነው።

ልጄ ሶስናም ነግራኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እኛ በአማርኛ ስናወራት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው የምትመልሰው። "ማሚ ከስታለች፣ ዳድ። ኢዝ ሺ ኦኬ?" አለችኝ። "ጾም ነው" አልኳት፤ እሷም እንደ ልጅ አመነችኝ።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር፤ በድንገት የሞቀ፣ አስፋልቱ የሚያተኩስ ቀን። ሥራዬን ጨርሼ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቤት ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወጥ ቤት ውስጥ የቧንቧ ውኃ ይፈሳል።

"ሙሉ!" አልኩ። መልስ የለም።

ቧንቧውን ዘግቼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስሄድ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፎጣ ታጥፋለች። አጥፋ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ያው አንዱን ፎጣ። ላቧ ከግንባሯ እስከ አንገቷ ይወርዳል፤ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

"ምን ሆነሻል?"

ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ። "አዜብ መጣች?" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐኪም አይደለም። የሞተች እህቷን ስትጠራ ስሰማ ክፉ መንፈስ ነው የመሰለኝ። ሮጬ ከመኝታ ቤት የጸበሉን ጠርሙስ አመጣሁና ፊቷ ላይ ረጨሁባት። ስቃ በእጇ መታችኝ። ሳቋ የእሷ ሳቅ አልነበረም። እኔ ጸበል እየረጨሁ፣ እሷ እየሳቀች፣ ስንት ደቂቃ እንዳባከንኩ አላውቅም።

ጠርሙሱን ለማስቀመጥ ወደ ወጥ ቤት ስመለስ ነው የኪኒኗን ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ ያየሁት። የዛሬው ተውጧል። አጠገቡ አንድም የተበላበት ሳህን የለም። ፋብሪካው በሰጠን የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ላይ ስለ ስኳር ማነስ የተባለው ነገር ያን ጊዜ ራሴን መታኝ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባጠር። ቶሎ ጣፋጭ ነገር ስጡ ብለውናል።

የሶስናን የብርቱካን ጭማቂ ከፍሪጅ አውጥቼ በብርጭቆ ቀድቼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። "ጠጪ፣ ሙልዬ፣ ጠጪልኝ።"

ብርጭቆው ከንፈሯን ሲነካ ጥርሷን ነከሰች። ራሷን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘች። "ዘጠኝ አልሞላም" አለች።

የራሷን ባል አታውቅም። እህቷ መሞቷን ረስታለች። ጾሙን ግን አልረሳችም።

"ሞልቷል! ዘጠኝ ሆኗል!" አልኳት።

ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ወሰደችው። ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ብቻ ወደ እኔ ዞራ "ትዋሻለህ" አለችኝ።

እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ትከሻዋን ይዤ መጮህ ጀመርኩ። "አዎ እዋሻለሁ! ጾም የለም! ስለት የለም! እኔ በየቀኑ እበላለሁ፣ ሙሉ! ካንሰር አለብኝ፣ ፈርቼ ነው፣ ያልጾምኩትን ጾም ነው ያስጾምኩሽ! ጠጪ በእናትሽ!" ለስንት ሳምንት ደብቄ የያዝኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። እሷ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። ብርጭቆውን በእጇ ገፋችው፣ ጭማቂው መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ዞረና እጄ ላይ ክብድ አለችኝ።

የአደጋ ጊዜ ስልኩ ላይ፣ ትሪፕል ዜሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት "ነቅታለች ወይ?" አለችኝ። አልነቃችም አልኳት። "እንግዲያው አፏ ውስጥ ምንም እንዳትጨምር፤ ትታነቃለች። በጎኗ አስተኛትና ትንፋሽዋን ንገረኝ" አለችኝ። በጎኗ አስተኛኋት። ፊቴን ወደ አፍንጫዋ አስጠግቼ ትንፋሽዋን በስልክ እቆጥራለሁ። አሁን ልትጠጣ ብትፈልግ እንኳ አይቻልም። ጸበል ስረጭ ባልቆይ ኖሮ እያልኩ፣ ሰይድን ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ መሬቱ ላይ ከጎኗ ተኛሁ።

ሁለት ሆነው መጡ። አንዷ የሙሉን ጣት ወግታ ደሟን ለክታ ለጓደኛዋ ቁጥሩን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። እሱ ክንዷ ላይ መርፌ ሲሰካ እሷ እኔን ትጠይቀኛለች።

"መቼ ነው የበላችው?"

"ትናንት። ትናንት ማታ።"

"ለምን?"

"ጾም ነው።"

"አንተም ትጾማለህ?"

ተራ ጥያቄ ነው፤ ሴትየዋ ምንም አላሰበችበትም። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም። "ኖ" አልኳት። "እኔ በልቻለሁ።"

መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ሲገባ ሙሉ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ጣራውን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን፣ ከዚያ እኔን አየች። "ተፈራ፣ ምነው ታለቅሳለህ?" አለችኝ። ማልቀሴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሆስፒታል አስገቧት። ወጣቱ ሐኪም ኪኒኑ ብትበላም ባትበላም ሥራውን እንደሚሠራ፣ ባዶ ሆድ ሲያገኝ ስኳሯን ወደ ታች እንደሚያወርደው፣ ውጤቱ ስለሚቆይም እስከ ነገ እንደማትወጣ ነገረን። "ብቻዋን ሆና ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ሶስና ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መጣች። እናቷን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"ሃው ኩድ ዩ ሌት ኸር፣ ዳድ? እንዴት እንድትጾም ትተዋታለህ? ስኳር እንዳለባት እያወቅክ!"

"ተይው፣ እኔ ነኝ የወሰንኩት" አለች ሙሉ። "አባትሽ አይደለም ያስጾመኝ። እሱ ለስለቱ ነው የጾመው።"

ስትከላከልልኝ መስማት አልቻልኩም። ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ያን ሁሉ ቅድም ጮኼ የተናገርኩትን እንደገና፣ አሁን ለሚሰማ ጆሮ፣ ቀስ ብዬ መናገር ነበረብኝ።

"ስለት የለም፣ ሙሉ።"

ትራሱን ተደግፋ ቀና አለች።

"ካንሰር አለብኝ። ሐኪም ሥጋና ቅቤ ቀንስ አለኝ። እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ጾም ነው አልኩሽ።"

ሶስና አፏን በእጇ ያዘች። ሙሉ አላለቀሰችም። "የት ላይ ነው?" አለችኝ።

ልጄ ፊት እንዴት ብዬ ልናገር። "ታች ነው... የወንዶች ነው" አልኩ።

"ፕሮስቴት?" አለች ሶስና። ራሴን ነቀነቅሁ። እስከዚያች ደቂቃ ቃሉ ከአፌ አልወጣም፤ ልጄ ስትለው ግን ጣራው አልተደረመሰም።

"ትሞታለህ?" አለች ሙሉ።

"ትንሽ ነው አሉኝ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። እየተከታተሉት ነው።"

ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። የአዜብን ነገር ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

"ጠዋት ጠዋት ትበላ ነበር?"

"አዎ።"

"ምን ትበላ ነበር?"

"ኦትስ። በሙዝ።"

"እኔ ደግሞ በየቀኑ" አለች፣ "በዚያ ብርድ ውስጥ በባዶ ሆዱ ቆሟል እያልኩ አንጀቴ ይላወስ ነበር። ስለቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ጌታ ሆይ የለመነህን ስጠው እያልኩ አብሬህ እለምን ነበር።"

"ይቅር በይኝ።"

"በሽታህን ደበቅኸኝ። እሺ፣ ለእኔ ብለህ ነው ልበል። ግን ተፈራ፣ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ጾም አብረን ዘልቀን አናውቅም። ሁልጊዜ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ብቻዬን፣ ገበታም ላይ ብቻዬን። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ከአንተ ጋር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እኮ ደስ ይለኝ ነበር። ረሃቡ አልተሰማኝም። ለካ እዚያም ብቻዬን ነበርኩ።"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሶስና ወጥቼ አየር እንድወስድ በዓይኗ ነገረችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ካንሰር አለብህ ከተባልኩበት ቀን ይልቅ የዚያን ቀን ነው የፈራሁት።

በማግስቱ ወደ ቤት አመጣኋት። ሐኪሟ ኪኒኗን ቀየረላት። የነፍስ አባቷም ሲሰሙ ተቆጡ፤ ጠዋት በልታ ኪኒኗን እንድትወስድ፣ ጾሙንም በምግቡ ዓይነት ብቻ እንድትይዝ አዘዟት። ለብዙ ቀን የምታናግረኝ ለጉዳይ ብቻ ነበር። ቀጠሮዬ ሲደርስ ግን ሳልጠይቃት ልብሷን ለብሳ መኪናው ውስጥ ገብታ ጠበቀችኝ። ስፔሻሊስቱን በሶስና አስተርጓሚነት እኔ ለመጠየቅ ያልደፈርኩትን ሁሉ ጠየቀችው። ሥጋው ነው ወይ ያመጣበት? ይህ ነው ማለት አይቻልም አላት። ወንድነቱስ? አለችው፤ ሶስና ቀልታ ተረጎመች፣ እኔ የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ። ሰውየው ግን ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሆኖ መለሰላት።

አሁን የምበላውን በግልጽ እበላለሁ። ፉትስክሬይ ያ ባለ ምግብ ቤት "ምን ልቁረጥልህ?" ሲለኝ "ፕሮስቴት አለብኝ፣ ዓሣና ሰላጣ አምጣልኝ" እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። ከዚያ ወዲህ ግን በእኔ ዕድሜ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ ጥግ ወስደው "ምርመራው እንዴት ነው?" ብለው ጠይቀውኛል። ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ለእነሱ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ባሎች፣ ሐኪም ምግብ ቀይር ካላችሁ ቀይሩ፤ እሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ከእኔ የበለጠ ሥጋ ወዳድ የለምና እመኑኝ። ግን ወጡን የምትሠራውን ሰው ሳትነግሩ አትቀይሩ። እኔ ሚስቴን ከድንጋጤ አድናለሁ ብዬ ልገድላት ነበር። እንዳላስጨንቃት ነው ስል የኖርኩት በእውነቱ እንዳላፍር ነው። ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በሽታውም ጾሙም ላይ አላላክከውም።

ሙሉ ይቅር ብላኛለች። ብላኛለች ብቻ ሳይሆን ከልቧ ነው፤ አውቃታለሁ። ምርመራዬ በየጊዜው ይመጣል፣ እስካሁን ያለበት ነው። አንዳንዴ ሥራ ይዟት ብቻዬን ሄጄ እመለሳለሁ። በር ላይ ትቀበለኝና "ምን አሉህ?" ትለኛለች።

"ደህና ነው፣ አልጨመረም አሉኝ" እላታለሁ።

"እውነት?"

"እውነት።"

ድሮ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። አሁን እውነት ካልኳት በኋላም ወዲያው አትሄድም። ትንሽ ፊቴን ታየኛለች። ከዚያ "እሺ፣ ተመስገን" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።